አዘዞ ድረስ ያመላለሰኝ ራውተር

ነገሩ የጀመረው ሐምሌ ውስጥ ነው። የጎንደርን ክረምት የሚያውቅ ሰው መብረቁንም ያውቃል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጓ አለና መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመለስ የፒያሳው ቢሯችን ራውተር አብሮ አልተመለሰም። ክዳኑን ስከፍተው የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ።

የምሠራው አንድ የሰሊጥና የእህል ንግድ ድርጅት ውስጥ ነው። ዋናው ቢሮ ፒያሳ ነው፤ መጋዘኑ አዘዞ፣ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ በኩል። ሁለቱን የሚያገናኝ የኪራይ መስመር አለ። አዘዞ ሚዛን ላይ የወጣው ኩንታል ፒያሳ ያለው ሰርቨር ላይ ካልተመዘገበ መኪናው ከግቢ አይወጣም። ስለዚህ መስመር ሲጠፋ ሾፌሩ ሚዛን ሠራተኛው ላይ ይጮሃል፣ ሚዛን ሠራተኛው ስልክ ላይ ይጮሃል፣ ስልኩ የእኔ ነው። የፕሪንተር ቀለም ሲያልቅም ያው ነው።

የአዲስ ራውተር ፕሮፎርማ አመጣን። ኃላፊያችን ዋጋውን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ። "እስኪ በቤት ባለው ነገር አንድ ዘዴ ፈልግ፣ ልጄ" አሉኝ። በቤት ያለው ነገር ዕቃ ክፍል አቧራ የጠጡ ሁለት አሮጌ ዴስክቶፖች ናቸው። ያገለገሉ የኔትወርክ ካርዶች ገዛሁላቸው። ማራኪ ቡና ስንጠጣ ጓደኛዬ "ሊነክስ ጫንባቸውና ኤፍአርአር አስገባበት፣ በቃ ራውተር ሆኑ" አለኝ። "በቃ" የምትለዋ ቃል ሁለት ወር ፈጀችብኝ። ይህን የምጽፈው እናንተን ሁለት ሳምንት እንዲፈጅባችሁ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ፓኬት (ተቆራርጦ የሚላክ የመረጃ ቁራጭ) ከአንድ ካርድ ተቀብሎ በሌላው ማስወጣት የሊነክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ራሱ የሚችለው ሥራ ነው። ኤፍአርአር የሚባለው ሶፍትዌር የሚጨምረው በራውተሮች መካከል ወሬ ማቀባበሉን ነው። ራውተሮቹ "ይህ ኔትወርክ በእኔ በኩል ይደረሳል" እየተባባሉ የመንገድ ሰንጠረዣቸውን ራሳቸው ያድሳሉ፤ አንዱ መንገድ ሲዘጋ በሌላው ይዞራሉ። እኔ የፈለግኩት ይህን ነበር። የኪራይ መስመሩ ሲቋረጥ፣ ማንም ሳይደውልልኝ፣ ትራፊኩ በ4ጂ ሞደም እንዲዞር።

የመጀመሪያው ስህተቴ ያገኘሁትን መመሪያ ሁሉ ማመኔ ነው። ፍላሽ ላይ ከድሮ ጀምሮ የያዝኩት አንድ መመሪያ ነበረኝ። እሱን እየተከተልኩ ሁለት ምሽት ለፋሁ። የሚለው ፋይል እኔ ጋ የለም፤ እኔ ጋ ያለውን እሱ አያውቀውም። ለካ የተጻፈው ስለ ኳጋ ኖሯል። የዚህ ሶፍትዌር ዘር እንዲህ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1996 ዜብራ (የሜዳ አህያ) የሚባል ፕሮጀክት ተጀመረ፣ ከእሱ ኳጋ ተገነጠለ፣ ከኳጋ ደግሞ ኤፍአርአር ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2017 በሊነክስ ፋውንዴሽን ሥር ገባ። ኳጋ ማለት ከምድር የጠፋ የሜዳ አህያ ዘር ነው፤ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ1883 አምስተርዳም ውስጥ ሞተች። ስሙን ሲያወጡለት ትንቢት መስሎ ነው የሚታየኝ። የዋናው ክፍል ስም ግን ዛሬም ዜብራ ነው፤ ኤፍአርአር ውስጥ ስታዩት አትደንግጡ። ኦኤስፒኤፍንና ቢጂፒን (ራውተሮች ወሬ የሚቀባበሉባቸውን ቋንቋዎች) የሚያሠሩት ሌሎቹ ዴሞኖች (ከኋላ ሆነው የሚሠሩ ፕሮግራሞች) ያገኙትን መንገድ ለዜብራ ያቀብላሉ፣ ዜብራ ለከርነሉ ይነግራል።

መጫኑ ራሱ ቀላል ነው። ኡቡንቱ (አንዱ የሊነክስ ዓይነት) 22.04 ውስጥ ያለው ኤፍአርአር 8.1 ነው፣ 24.04 ውስጥ ያለው 8.4። ለእኛ ሥራ ሁለቱም ይበቃሉ፣ የግድ የመጨረሻውን ካላገኘሁ አትበሉ። አዘዞ ያለው ኢንተርኔት የሚያወላዳ ስላልነበረ ፓኬጆቹን ፒያሳ ላይ፣ ሳይጭን እንዲያወርድ ብቻ አዝዤ፣ በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ላይ ያለው ሊነክስ አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ ይሠራል።

ከጫንኩ በኋላ ቪቲሼል የሚባለውን የትዕዛዝ መስኮት ከፈትኩ። ሲስኮ ላይ የሠራ ሰው ቤቱ የገባ ያህል ይሰማዋል፤ ትዕዛዞቹ ይመሳሰላሉ። የኦኤስፒኤፍ ጎረቤቶችን (ወሬ የሚቀባበላቸውን ራውተሮች) አሳየኝ ስለው "ዴሞኑ አልተነሳም" አለኝ። አጥፍቼ አበራሁት፣ ነቅዬ ደግሜ ጫንኩት፣ ያው። መልሱ አንድ መስመር ላይ ነበር። ኢቲሲ ውስጥ፣ ኤፍአርአር ፎልደር ሥር፣ ዴሞንስ የሚባል ፋይል አለ። እዚያ ውስጥ ኦኤስፒኤፍም ቢጂፒም ሲመጡ "ኖ" ተብለው ነው የሚመጡት። የምትፈልጉትን "የስ" አድርጋችሁ ሰርቪሱን እንደገና ማስነሳት ነው። ይህችን ሳላውቅ ግማሽ ቀን ተቃጠልኩ።

እዚህ ጋ አንድ ጥሩ ነገር ሠርቻለሁ፤ ራሴን ማመስገን የምችልበት ቦታ ትንሽ ስለሆነ ልናገረው። ዴስክቶፖቹን ከመንካቴ በፊት ላፕቶፔ ላይ በቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚያስመስል ፕሮግራም) ሦስት ትንንሽ ማሽኖች ሠራሁ። ዴቢያን (ሌላ የሊነክስ ዓይነት)፣ መስኮትና ሥዕል የሌለው፣ ትዕዛዝ መጻፊያ ብቻ፤ ለእያንዳንዱ 512 ሜጋባይት ሜሞሪ። አንዱን ፒያሳ፣ አንዱን አዘዞ፣ ሦስተኛውን "ዓለም" አልኩት። 8 ጊጋ ባለው ላፕቶፕ ላይ ያለ ችግር ሄዱ። የሆቴልም የድርጅትም ኔትወርክ የምትይዙ ልጆች፣ እባካችሁ ይህን ደረጃ አትዝለሉት። እዚህ ስታበላሹ የሚጮህባችሁ ሾፌር የለም።

እዚያም ቢሆን አንዱን ማሽን አስተካክዬ ሁለቱን ከእሱ ቀዳሁ። ጎረቤት አልሆን አሉ። ምክንያቱ ሦስቱም አንድ ዓይነት ራውተር አይዲ መያዛቸው ነው። ኦኤስፒኤፍ ራውተሮችን የሚለየው በዚህ ቁጥር ነው። ሁለት ሰው አንድ መታወቂያ ይዞ ሲመጣ የትኛውም ዘበኛ ግራ ይጋባል። ሎጉ በግልጽ ጽፎት ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ጉድ ደግሞ ጎረቤቶቹ "ፉል" ላይ (ሙሉ ለሙሉ ተግባብተዋል ማለት ነው) ደርሰው፣ መንገዶቹ ሰንጠረዡ ላይ ተደርድረው፣ ከራውተር ወደ ራውተር ፒንግ (አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ትንሽ መልእክት) እያለፈ፣ ከኋላቸው ያሉት ኮምፒውተሮች ግን አለመገናኘታቸው ነው። አንድ ሰዓት ኦኤስፒኤፍን ስወቅስ ቆየሁ። የከርነሉ አይፒ ፎርዋርዲንግ ዜሮ ላይ ነበር። መንገዱን ያውቃል፣ እንዲያሳልፍ ግን አልተፈቀደለትም። 1 ስታደርጉት ሲስሲቲኤል በሚባለው የከርነል ቅንብር ፋይል ውስጥም ጻፉት፣ አለበለዚያ ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ወደ ዜሮ ይመለሳል።

ከዚያ ወደ እውነተኛዎቹ ዴስክቶፖች ወረድን።

ኦኤስፒኤፍ በየ10 ሰከንዱ "ሄሎ" ይላል። በቲሲፒደምፕ (የሚመጣና የሚሄድ ፓኬት በሚያሳይ ፕሮግራም) ሳይ የአዘዞው ሰላምታ ፒያሳ ይደርሳል፣ የፒያሳውም አዘዞ ይደርሳል። ሆኖም ፒያሳ "ጎረቤት የለኝም" ይላል፣ አዘዞ ደግሞ "ኢኒት" ላይ ቆሟል። ኢኒት ማለት "እሰማሃለሁ፣ አንተ ግን አልሰማኸኝም" ማለት ነው። ፋየርዎል (የሚገባውን የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው አጥር) ላይ 89 ከፍቻለሁ፣ አረጋግጫለሁ። በኋላ ሳየው የከፈትኩት ፖርት 89 ነው! ኦኤስፒኤፍ ቲሲፒም ዩዲፒም አይደለም፤ ፖርት የሚባል ነገር የለውም። 89 የፕሮቶኮሉ ቁጥር ነው። ቲሲፒደምፕ ያታለለኝ ደግሞ የሚገባውን ፓኬት የሚያየው ፋየርዎሉ ሳይነካው በፊት ስለሆነ ነው። ስለዚህ "ደርሷል" እና "ተፈቅዶለታል" የተለያዩ መሆናቸውን ልብ በሉ። ዩኤፍደብሊው የሚባለውን ፋየርዎል የምትጠቀሙ ከሆነ ሌላ ነገርም አለ፦ ለእሱ የሚመጣውን ብትፈቅዱም የሚያልፈውን ትራፊክ በነባሪ ይጥላል። ይህ ለብቻው መከፈት አለበት።

አሁን ወደ አሳፋሪው ልምጣ። አንድ ቀን ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ፣ ሰው በማይሠራበት ሰዓት ላስተካክል ብዬ፣ ከፒያሳ ሆኜ የአዘዞውን ማሽን አድራሻ ቀየርኩ። የኔትወርክ ማስኩን አንድ ቁጥር ተሳሳትኩ። ኢንተር ስመታ ስክሪኑ ደርቆ ቀረ። ክው አልኩ። በዚያ ሰዓት ወደ አዘዞ የሚሄድ ታክሲ ከየት ይመጣል? ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያ ሳይ አድሬ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ መንገድ ላይ ነበርኩ። የመጋዘኑ ዘበኛ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ "ምነው ልጄ፣ በደኅና ነው በሌሊት?" አሉኝ። "ደኅና ነው ጋሼ፣ አንድ ቁጥር ልቀይር ነው" አልኳቸው። በሆዳቸው ያሉትን እግዜር ይወቅ።

ሥራው 20 ሰከንድ ፈጀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሩቅ ያለ ማሽን ስነካ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። ኡቡንቱ ላይ ኔትፕላንን (የኔትወርክ ቅንብር የሚያስፈጽመውን) በቀጥታ "አፕላይ" አልልም፤ "ትራይ" እላለሁ። በ120 ሰከንድ ውስጥ እሺ ካላልኩት ራሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ለሌላው ለውጥ ደግሞ አስቀድሜ ማሽኑ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን አጥፍቶ እንዲያበራ ቀጠሮ እይዝለታለሁ፤ ለውጡን ፋይል ላይ አላስቀምጥም። ከተቆለፍኩ 10 ደቂቃ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ። ካልተቆለፍኩ ቀጠሮውን ሰርዤ አስቀምጣለሁ።

ማስቀመጥ ካልኩ አይቀር፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተቃራኒውን ስህተት ሠራሁ። ሁሉም ነገር ተስተካክሎ፣ ሚዛኑ እየሠራ፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ ሳለ መብራት ሄደ። ሲመጣ ቪቲሼል ውስጥ የጻፍኩት በሙሉ የለም። "ራይት ሜሞሪ" አላልኩም ነበራ! ቪቲሼል ውስጥ የምትጽፉት ነገር ወዲያው ይሠራል፣ ግን ሜሞሪ ላይ ብቻ ነው ያለው። መብራት እንደኛ በሚመላለስበት ከተማ ይህ ዋና ነገር ነው። በዚያው ላይ የአዘዞው ዴስክቶፕ መብራት ሲመጣ ራሱ አይነሳም ነበር። ዘበኛው ሄደው ቁልፉን እስኪጫኑት ይጠብቃል። ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ መብራት ሲመለስ እንዲበራ የሚያደርገውን ምርጫ ፈልጉ። ከሶፍትዌሩ ሁሉ በላይ የጠቀመኝ ይህ ቅንብር ሳይሆን አይቀርም።

ቀጥሎ መጠባበቂያው መንገድ። ፒያሳ ቋሚ አይፒ ያለው ኢንተርኔት አለን። አዘዞ 4ጂ ሞደም አስቀመጥኩና በሁለቱ መካከል ዋየርጋርድ በሚባል ሶፍትዌር ተነል፣ ማለትም በኢንተርኔት ውስጥ የሚያልፍ የግል መንገድ፣ ዘረጋሁ። ተነሉ በደቂቃዎች ተነሳ፣ ፒንግ አለፈ፤ የኦኤስፒኤፍ ሄሎ ግን በተነሉ አላለፈም። ዋየርጋርድ የሚያሳልፈው በተፈቀዱ አድራሻዎች ዝርዝር ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ሄሎው የሚላከው ደግሞ 224.0.0.5 ወደሚባል የጋራ አድራሻ ነው። እሱን ጨመርኩ፣ ከተነሉ ማዶ ያሉትንም ኔትወርኮች ጨመርኩ። ዋየርጋርድ ራሱ መንገድ እንዳያስገባ ደግሞ "ቴብል ኦፍ" አልኩት። መንገድ ማስገባት የኤፍአርአር ሥራ ነው። ሁለት ሹፌር አንድ መሪ አይዝም።

ሄሎው ሲያልፍ ጎረቤትነቱ "ኤክስስታርት" ላይ ቆሞ ቀረ። ይህን ቃል ስታዩ መጀመሪያ ኤምቲዩን አስቡ፤ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚያልፈውን የፓኬት ትልቅነት። የፒያሳው የተነል ጫፍ 1420 ነው፣ የአዘዞውን ግን እኔው 1380 አድርጌዋለሁ። ሁለቱ ካልተስማሙ ኦኤስፒኤፍ አይቀጥልም። እዚህ ጋ አቋራጭ አገኘሁ፤ "ኤምቲዩውን እርሳው" የሚል ትዕዛዝ አለ። ሰጠሁት፣ ወዲያው ፉል ሆነ። ደስ አለኝ። ከዚያ የሚዛኑ ፕሮግራም በተነሉ ሲሄድ ግማሽ ገጽ ከፍቶ ይቆማል። ትንሹ ፒንግ ያልፋል፣ ትልቁ ፓኬት መንገድ ላይ ይቀራል። አስታማሚውን ዝም አሰኘሁት እንጂ በሽተኛውን አላዳንኩም። ያንን ትዕዛዝ አንስቼ ሁለቱንም ጫፍ 1380 አደረግኩ። ለማረጋገጥ እንዳይቆራረጥ አዝዤ 1352 ባይት ፒንግ ላክሁ፤ 28 ባይት ራስጌ ሲጨመርበት 1380 ይሆናል። 1352 ካለፈ፣ 1353 ካላለፈ ልክ ናችሁ። ደግሞ ለደህንነት ብላችሁ አይሲኤምፒን (ፒንግና የስህተት መልእክቶች የሚሄዱበትን) በሙሉ አትዝጉ። እኔ ዘግቼው ስለነበር "ፓኬቱ ትልቅ ነው" የሚለው መልእክት እንኳ አልደረሰኝም።

ከዚህ በኋላ የኪራይ መስመሩን ኮስት (የመንገዱን ዋጋ) 10፣ የተነሉን 100 አድርጌ ሞከርኩ። ትንሹ ይመረጣል። የኪራይ መስመሩን ኬብል ከካርዱ ነቀልኩ፤ ፒንጉ አንድ ወይ ሁለት ጠፍቶ ቀጠለ። ኃላፊያችንን ጠርቼ አሳየኋቸው። "ጎበዝ!" አሉኝ።

በሳምንቱ መስመሩ በእውነት ተቋረጠ፣ ሚዛኑም ቆመ፣ ስልኬም ጮኸ። ሎጉን ሳይ ለመዞር ወደ 40 ሰከንድ ፈጅቷል፣ የሚዛኑ ፕሮግራም ደግሞ ያን ያህል አይታገስም። ለምን ስነቅለው ወዲያው ዞረ? እኔ የነቀልኩት ከካርዱ ላይ ነዋ። የካርዱ መብራት ሲጠፋ ሊነክስ ወዲያው ያውቃል። እውነተኛው ብልሽት ግን ከኪራይ መስመሩ ሞደም ማዶ ነው። ሞደሙ በርቷል፣ የካርዱ መብራት አረንጓዴ ነው፣ ከኋላው ግን ማንም የለም። ኦኤስፒኤፍ ይህን የሚያውቀው አራት ሄሎ ሲቀርበት ነው። በ10 ሰከንድ አራት፣ 40። ስለዚህ ስትሞክሩ ኬብሉን ከራሳችሁ ማሽን ላይ ብቻ አትንቀሉ። መብራቱ እንደበራ ፓኬቱ እንዲጠፋ አድርጉ። እኔ በመሃል ስዊች አስገብቼ ከስዊቹ ማዶ ያለውን ነቀልኩ። ስዊች ከሌላችሁ በዚያ ካርድ የሚገባውን ሁሉ በፋየርዎል መጣል ያው ነው። ያን ጊዜ ነው ትክክለኛው ሰዓት የሚታየው።

ሄሎውን 2 ሰከንድ፣ መጠበቂያውን 8 አደረግኩት። ከዚያ በታች መውረድ ለሚፈልግ ቢኤፍዲ የሚባል ዴሞን አለ፤ ለእኛ 8 ሰከንድ በቂ ነው። ይህንን ስቀይርም ከአዘዞ ጀመርኩ፣ ወዲያው ጎረቤትነቱ ፈረሰ። ቁጥሮቹ በሁለቱም ወገን እኩል ካልሆኑ አይሰሙም። የዳንኩት መስመሩ ላይ ባለው ቀጥታ አድራሻ ስለገባሁ ነው፤ እሱ ከኦኤስፒኤፍ መንገድ አይፈልግም። አውቄ አልነበረም፣ እንደ አጋጣሚ ነው። እናንተ አውቃችሁ በእሱ ግቡ።

አንድ የመጨረሻ ጣጣ ነበር። ኮስቱን የቀየርኩት በአንድ ወገን ብቻ በነበረ ጊዜ ትራፊኩ በአንዱ ሄዶ በሌላው ይመለስ ነበር። ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ግን ድሮ ደህንነት ላጥብቅ ብዬ አርፒ ፊልተር የሚባለውን 1 ላይ አድርጌው ኖሯል። 1 ሲሆን ከርነሉ "ወደዚህ አድራሻ እኔ የምልከው በዚያኛው ካርድ ነው፣ አንተ ለምን በዚህ መጣህ?" ብሎ ፓኬቱን ይጥላል። ያለ አንድ ቃል። 2 አደረግኩት፣ ኮስቱንም በሁለቱም ወገን አስተካከልኩ፣ አለቀ።

ጥቅምት ላይ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ከአዘዞ ተደወለ። ስልኩን ሳየው ሆዴ ቡጭ አለ፤ ልማድ ነው። እያወራን ተርሚናል ከፈትኩና ሳይ የኪራይ መስመሩ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ሞቷል። ስድስት ሰዓት ሙሉ ሁሉም ነገር በ4ጂ ሲሄድ ነው የዋለው። "ስንት መኪና ወጣ ዛሬ?" ብዬ ጠየቅኩት።

"አሥራ አንድ። ለምን?"

"እንዲያው ነው። ምን ፈልገህ ደወልክ?"

"የፕሪንተሩ ቀለም አልቋል።"